ከስብሰባ በፊት ሁለት ደቂቃ ለትንፋሻችሁ

ሥራ ላይ ውጥረት ሲበዛባችሁ ከህንዶቹ አዩርቬዳ (ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምናቸው ነው) እና ዮጋ ይቺን የትንፋሽ ልምምድ ሞክሩ፤ ናዲ ሾዳና ትባላለች። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። የቀኙን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣት ድፈኑና በግራው ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። ከዚያ ግራውን በቀለበት ጣት ዘግታችሁ በቀኙ አስወጡ። አሁን ደግሞ በቀኙ ስባችሁ በግራው አስወጡ። ይሄ አንድ ዙር ነው። አምስት ስድስት ዙር ይበቃል። አትቸኩሉ፣ ትንፋሽ አፍናችሁ አትቆዩ። ጉንፋን ከያዛችሁ ይቅርባችሁ።

ምሳም አትዝለሉ። በአዩርቬዳ አግኒ የሚባለው ምግብ የመፍጨት ኃይል እኩለ ቀን ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ዋናው ማዕድ ምሳ ነው። ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ብሉ።

ኦንላይን የሚሸጠውን የአዩርቬዳ ክኒን ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትወስዱ፤ አደራ! አንዳንዱ ውስጥ እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያሉ መርዛማ ብረቶች ተገኝተዋል።