የሰፈር ፐብ እንዴት ይመዘናል? ዮርክሽርን ለመዞር ለተነሳ ሰው

ስለ እንግሊዝ ፐቦች፣ ማለትም ስለ ሰፈር መጠጥ ቤቶች፣ የሚጻፈው አብዛኛው አስተያየት ለማንም አይጠቅምም። «ደስ የሚል ቤት ነው፣ አራት ኮከብ» ይላል፣ በቃ። ቢራው እንዴት ነበር? ብቻውን የገባ እንግዳ ሰላም ይባላል? ሽንት ቤቱ ደረጃ ያስወጣል? መልስ የለም። በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ግን ሰውን ከከተማው ሌላ ጫፍ አስነስቶ በሩ ላይ ያደርሰዋል። በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፐቦች በሚዘጉበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግሊዝ የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ ከሆነ፣ የአንድን አካባቢ ፐቦች እየዞራችሁ በትክክል የምትመዝኑበትን መንገድ እነሆ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከዮርክሽር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. በእግር የሚያልቅ ሰፈር ምረጡ

ዮርክሽር ሰፊ ነው። ሊድስ፣ ሼፊልድና ዮርክ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ብዙ ወራት ይወስዳሉ። ስለዚህ ከአንድ ሰፈር ጀምሩ። ለጀማሪ የምመክረው የሼፊልዱን ኬልሃም አይላንድ ነው። የድሮ የብረታ ብረት ሥራ ሰፈር ነው። ፋት ካት የተባለው ፐብ በ1981 እዚያ ተከፍቶ ከትናንሽ ጠማቂዎች የሚመጣ ቢራ መሸጥ ጀመረ። ቅርቡ ያለው ኬልሃም አይላንድ ታቨርን ደግሞ በ2008 እና በ2009 ተከታትሎ የካምራን የዓመቱ ምርጥ ፐብ ሽልማት ወስዷል። ካምራ በ1971 የተመሠረተ የቢራ ጠጪዎች ማኅበር ነው። ባህላዊው ቢራ በጋዝ በሚገፋው የፋብሪካ ቢራ ተውጦ እንዳይጠፋ ሲታገል ኖሯል።

ዝርዝራችሁ ውስጥ ግን ሽልማት ያላቸውን ብቻ አታስገቡ። ጥጉ ላይ ያለችውን፣ ማንም ስለእሷ ያልጻፈላትን ፐብ ጨምሩ። ሥራችሁ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሷን ነው።

ገጠር የምትወጡ ከሆነ የመጨረሻው አውቶብስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ቀድማችሁ እወቁ። ጠጥቶ መንዳት የለም።

2. ቢራውን ለብቻ መዝኑ

ይህ ዋናው ነው። ቤቱና ቢራው አንድ ላይ ከተመዘኑ ቆንጆው ቤት መጥፎውን ቢራ ይሸፍነዋል። ሁለት ነጥብ ስጡ፤ አንዱ ለቢራው፣ አንዱ ለቤቱ።

ካስክ ኤል የሚባለው ባህላዊ ቢራ ፐቡ ከደረሰም በኋላ በርሜሉ ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል። እርሾው በሕይወት አለ። እንደ ጠላ ነው፤ ጠማቂዋ ጎበዝ ብትሆንም ጋኑን በኋላ የያዘው ሰው ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ እናንተ የምትመዝኑት ፋብሪካውን ሳይሆን ፐቡ ምድር ቤት ውስጥ በርሜሉን የሚንከባከበውን ሰው ነው። ቢራው ተጨማሪ ጋዝ ሳይገባበት፣ ቀጂው ባንኮኒው ላይ ያለውን እጀታ ወደ ራሱ እየሳበ ያወጣዋል። ትክክለኛ ሙቀቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በረዶ የመሰለ ቢራ የለመደ ሰው «ሞቀ» ይላል። በዚህ ነጥብ አትቀንሱ። ከዚህ በላይ ቀዝቅዞ ቢቀርብ ጣዕሙ ይደበቃል።

ገና ከማዘዛችሁ በፊት ስንት እጀታ እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ የሰዉን ብዛት ተመልከቱ። በብዛት የሚሠራበት በርሜል 9 ጋሎን ይይዛል፤ ይህም 72 ፓይንት ነው (ፓይንት የእንግሊዝ የቢራ መለኪያ ነው፤ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል)። አንዴ ከተከፈተ ወደ ሦስት ቀን ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ማለትም አንድ በርሜል በቀን 24 ፓይንት ያህል መሸጥ አለበት። ስምንት እጀታ ያለው ቤት በቀን ወደ 190 ፓይንት መሸጥ ይጠበቅበታል። ቤቱ ሁልጊዜ ጭር ያለ ከሆነ ከስምንቱ አንዳንዱ ማርጀቱ አይቀርም። ሦስት እጀታ ብቻ ያለው ትንሽ ፐብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ቢራ የሚያቀርበው ለዚህ ነው። ምርጫ ማብዛቱ ብቻውን ነጥብ አያስገኝ። እጀታው ላይ የተለጠፈው የቢራ ስም ወደ ኋላ ዞሮ ካያችሁት ያ ቢራ ለጊዜው የለም ማለት ነው። ያረጀውን ከመሸጥ ስሙን ማዞር ጥሩ ምልክት ነው።

አሁን እዘዙ። ግማሽ ፓይንት ይበቃል፣ 284 ሚሊ ሊትር ነው። የፓይንት ሲሶ የሚሸጡም አሉ። ብዙ ቤት ለመመዘን ትንሽ መጠጣት ግድ ነው።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱት። ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ? ድፍርስ ከሆነ ወዲያው አትፍረዱ። አንዳንድ ጠማቂዎች ሆን ብለው ሳያጠሩ ይልኩታል። ቀጂውን ጠይቁት። ቀጥሎ አሽትቱት። ኮምጣጤ ከሸተተ በርሜሉ ከተከፈተ ቆይቷል ወይም ንጽሕና ጎድሏል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አየር ገብቶበት አርጅቷል። ከዚያ ቅመሱት። ምላስ ላይ ቀለል ያለ መንዘር ሊሰማችሁ ይገባል። ሙት ከሆነ፣ እንደ ውሃ ዝም ካለ፣ ሕይወቱ ወጥቷል።

መጥፎ ከሆነ ሳትጨርሱት ወደ ባንኮኒው መልሱት። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። «ይቅርታ፣ ይህኛው ትንሽ የኮመጠጠ ይመስለኛል» በቂ ነው። ጥሩ ቤት ያለ ክርክር ይቀይርላችኋል፤ እጀታውንም ወዲያው ይዘጋል። የተከራከረ ቤት ግን ከቢራው በላይ በዚህ ነጥብ ይጣል። ማንም ቤት መጥፎ በርሜል ሊገጥመው ይችላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚያደርገው ነው።

አንድ ዘዴ ልጨምር። በአካባቢው በብዙ ፐቦች የሚገኝ አንድ ቢራ ምረጡና በደረሳችሁበት ሁሉ እሱን ቅመሱ። በዮርክሽር ለዚህ የሚመቸው ኪትሊ ከተማ ውስጥ ቲሞቲ ቴይለር የሚጠምቀው ላንድሎርድ ነው። ፋብሪካው አንድ፣ ቢራው አንድ። የሚለያየው አያያዙ ብቻ ስለሆነ ጎበዙ ቤት ወዲያው ይታያል።

ነጥቡን የካምራ አባላት እንደሚያደርጉት እስከ 5 አድርጉት፤ ግማሽ ነጥብም ይፈቀዳል። 1 ደካማ ነው። 2 የሚጠጣ ግን የማይደንቅ ነው። 3 ጥሩ ነው፤ ሌላ ልድገም ያሰኛል። 4 በጣም ጥሩ ነው። 5 በዓመት አንዴ ቢሰጥ ይበቃል። እየወደዳችሁ 5 ከበተናችሁ ነጥባችሁ ትርጉም ያጣል።

ስለ አረፋ ደግሞ አንድ ነገር። በሰሜን እንግሊዝ የቧንቧው አፍ ላይ ስፓርክለር የሚባል ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ነገር ይገጠማል። ወፍራም፣ ክሬም የመሰለ አረፋ ያወጣል። በደቡብ ግን ብዙዎች አይጠቀሙበትም። ይህ የአገሬው ልማድ ስለሆነ ከነጥብ ጋር አታገናኙት። አረፋው ብርጭቆውን በጣም ከያዘው ግን «እባክዎ ይሙሉልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

3. ቀጥሎ ቤቱን

ለቤቱ ከ10 እሰጣለሁ። መስተንግዶ 4፣ ቤቱ ራሱ 3፣ ንጽሕና 2፣ ምግብ 1። ምግብ ለምን 1 ብቻ? ባህላዊ ፐብ ሬስቶራንት አይደለም። ከምርጦቹ መካከል ከድንች ቺፕስ በቀር የሚበላ ነገር የማይሸጡ አሉ። የእሁድ ጥብስ ከዮርክሽር ፑዲንግ ጋር ካለ ጻፉት፣ አመስግኑት፤ ግን ሚዛኑን አያዛባ።

መስተንግዶውን ለማየት ብቻችሁን ሂዱ። በፐብ ውስጥ አስተናጋጅ ጠረጴዛ ድረስ አይመጣም። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ታዛላችሁ። ሰልፍ ባይኖርም ጥሩ ቀጂ ማን ቀድሞ እንደመጣ ያውቃል። ሥራ በዝቶበት እንኳ በዓይኑ «አይቼሃለሁ» ይላል። ይህችን ፈልጉ። የዘወትር ደንበኞች እንግዳ ሲገባ ዝም ይላሉ ወይስ ቦታ ይለቃሉ? አልኮል የማይጠጣ ሰውስ? ለስላሳ፣ ሻይ ወይም አልኮል አልባ ቢራ ያዘዘ ሰው በእኩል ዓይን የማይታይበት ቤት ከመስተንግዶ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። ከእኛ ሰው ብዙው የሚጾም ወይም የማይጠጣ ስለሆነ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። ቆዳው ጥቁር የሆነ እንግዳ እንዴት እንደተስተናገደም በግልጽ ጻፉ፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ።

ፐብ መጠለያም ነው። በ2021 መጨረሻ ከባድ በረዶ ሲጥል 60 ያህል ሰዎች በታን ሂል ኢን ውስጥ ሦስት ሌሊት አድረዋል። ከባሕር ጠለል 528 ሜትር ላይ ያለ፣ የብሪታንያ ከፍተኛው ፐብ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት በመጋረጃው ቀለም መመዘን ያሳዝናል።

ቤቱ ራሱ ሲባል ዕድሜ ብቻ አይደለም። ያልተነካካ ውስጥ ይታይ። ብዙ ፐቦች ግድግዳቸው ፈርሶ አንድ ሰፊ አዳራሽ ሆነዋል። ትናንሽ ክፍሎቹ፣ የተቀረጸበት መስታወቱ፣ የእሳት ምድጃው የቀረለት ቤት ብርቅ ነው። ሊድስ ውስጥ ዋይትሎክስ ከ1715 ጀምሮ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አለ። ሀንስሌት የሚባለው ሰፈር ያለው ጋርደን ጌት ፊቱ በሸክላ ንጣፍ ያጌጠ ነው፤ ሠራተኛው ሰፈር ለራሱ ምን ያህል ክብር እንደሰጠ ይታይበታል። ዮርክ የሚገኘው ብሉ ቤል በጣም ትንሽ ነው፤ ውስጡ ግን ከ1903 ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

ከፐቡ ቁጥጥር ውጭ የሆነውን ለዩ። አንዳንዱ ቤት የቢራ ፋብሪካ ንብረት ነው ወይም በውል የታሰረ ነው፤ የፈለገውን ቢራ ማምጣት አይችልም። ታድካስተር ከተማ ያለው የሳሙኤል ስሚዝ ቢራ ፋብሪካ ፐቦች የፋብሪካውን መጠጥ ብቻ ይሸጣሉ። ሙዚቃና ቴሌቪዥንም የላቸውም። «ምርጫ የለም፣ ጭር ያለ ነው» ብሎ መቀነስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ያላቸውን እንዴት እንደያዙት ብቻ ተመልከቱ።

4. ጻፉት

በአንድ ጉብኝት አትጻፉ። ቢያንስ አንዴ በሳምንቱ መካከል ከሰዓት፣ አንዴ ዓርብ ማታ ሂዱ። እንደተከፈተ የገባ ሰው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ቢራ ሊያገኝ ይችላል።

ማስታወሻው እዚያው ይያዝ፤ ስልካችሁ ይበቃል። ቀን፣ የቢራው ስም፣ ዋጋ፣ ነጥብ። ከዚያ ለማያውቀው ሰው የሚያስፈልገውን ጨምሩ፤ መግቢያው ላይ ደረጃ አለ ወይ፣ ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ፣ ወጥ ቤቱ መቼ ይዘጋል። ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሰባት ሰው ነበር። ላንድሎርድ 3.5፤ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ብቻ የደከመ። ቀጂዋ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፣ የኋላውን ክፍል አሳየችኝ። ሽንት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው።»

የሠራተኞችን ስም አትጥቀሱ፤ የጠጪዎችንም ፎቶ አታንሱ። ለማመስገን ቢሆንም ሰው ፐብ የሚሄደው ለመታየት አይደለም።

መጥፎ ነጥብ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ዕድል ተጨማሪ ስጡ። ትንሽ ቤት ላይ ሁለት ክፉ አስተያየት ብዙ ደንበኛ ሊያሳጣ ይችላል። ሁለተኛ ሄዳችሁ ያው ከሆነ ግን ሳትፈሩ ጻፉት።

ነጥቡ ላይ ሁልጊዜ ቀን ይኑር። ፐቡን የያዘው ሰው ከተቀየረ ደግሞ አሮጌውን ነጥብ አውጡት። በርሜሉን የሚይዘው እጅ ሌላ ስለሆነ ከመጀመሪያው ግማሽ ፓይንት እንደገና ጀምሩ።