«ናሽናል» አክሬዲትድ ዲግሪ ይዞ ማስተርስ ሲከለከሉ፦ ችግርና መፍትሄ

እኛ አገር 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ነው፣ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ። ስለዚህ አሜሪካ መጥተን «ኮሌጁ ናሽናል አክሬዲቴሽን (ብሔራዊ እውቅና) አለው» ሲሉን ትልቁን ያገኘን ይመስለናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሃርቫርድንም የሰፈሩን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም የሚመዝኑት ሪጅናል (ክልላዊ) ሲባሉ የኖሩት እውቅና ሰጪዎች ናቸው፤ ናሽናሎቹ በአብዛኛው የሙያ፣ የርቀትና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ያያሉ። ጣጣው የሚመጣው ባችለሩን ጨርሰው ለማስተርስ ሲያመለክቱ ነው።

ምልክት፦ ማመልከቻው በሁለት ቀን «መስፈርቱን አያሟሉም» ተብሎ ይመለሳል። ስለ ግሬድ አንድ ቃል የለም።

ምክንያት፦ ምናልባት ማንም አላነበበውም። መስፈርቱ ላይ «ሪጅናል እውቅና ካለው ተቋም» የሚል መስመር ካለ፣ አድሚሽን ቢሮ የኮሌጁን ስም አይቶ ወደ ጎን ያደርገዋል። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ ሪጅናልና ናሽናል ብሎ መለየቱን ትቷል። ዩኒቨርሲቲዎች ግን የራሳቸውን መስፈርት ማውጣት ይችላሉ፤ ስለዚህ ደንቡን ጠቅሶ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ማን እውቅና እንደሰጠው እወቁ። ብዙ ጊዜ ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ ዳፒፕ በሚባለው የመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ቋትም ይገኛል። ከዚያ መስፈርታቸው «በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ተቀባይነት ባለው አካል እውቅና ያገኘ» የሚለውን ትምህርት ቤቶች ለዩ። የማመልከቻ ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ የኮሌጃችሁንና የእውቅና ሰጪውን ስም ጽፋችሁ በኢሜይል ጠይቁ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማንም አያስታውሰውም።

አንዱን ትምህርት ቤት ብቻ ከፈለጋችሁስ? አድሚሽን ቢሮን ተዉትና ለፕሮግራሙ ዳይሬክተር ጻፉ። ዌይቨር የሚባለውን ልዩ ፈቃድ ሊያስገኝ የሚችለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ከትምህርቱ ጋር የሚገናኙ የሁለት ሦስት ኮርሶች ሲላበስ (የኮርሱ ዝርዝር ይዘት) እና የሥራ ልምድ ይያያዝ። እምቢ ካለም «ያለ ዲግሪ ምዝገባ ሁለት የማስተርስ ኮርስ ወስጄ ጥሩ ውጤት ባመጣ ታዩኛላችሁ?» በሉት። ይህ ለብዙዎች በር ከፍቷል። ነገር ግን በዚህ መልክ ለተመዘገበ በአብዛኛው የፌዴራል ብድር አይሰጥም፣ ስንት ክሬዲት እንደሚያዝላችሁም በጽሑፍ ተቀበሉ። በኮምፒውተር መስክ ላላችሁ ደግሞ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ የሚሰጠው ማስተርስ ጭራሽ ትራንስክሪፕት አይጠይቅም፤ የመግቢያ ኮርሶቹን በአማካይ ቢ ያለፈ ይገባል።

ምልክት፦ «ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ) ተፈቅዶልኝ ተማርኩ፣ እንዴት ዲግሪዬ አይቆጠርም?»

ምክንያት፦ መንግሥት የሚያበድረው ለሁለቱም ዓይነት ነው። ብድሩ የመግቢያ ዋስትና አይደለም።

ምልክት፦ ኮሌጁ ተዘግቷል፣ ወይም እውቅና ሰጪው ራሱ ወድቋል። ለምሳሌ አይቲቲ ቴክ የሚባለው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ፤ እውቅና ሰጪው ኤሲአይሲኤስ ደግሞ በ2022 የፌዴራል ተቀባይነቱን አጣ።

መፍትሄ፦ በአብዛኛው የሚታየው የተመረቃችሁበት ቀን ነው፤ ያኔ እውቅናው ጸንቶ ከነበረ ዲግሪው እውቅና ካለው ኮሌጅ እንደወጣ ይቆጠራል። ትራንስክሪፕቱን ኮሌጁ ከነበረበት ስቴት የከፍተኛ ትምህርት ቢሮ ጠይቁ።

«ሁለተኛ ባችለር ልማር?» ለሚል፣ ይህን መጨረሻ ላይ አድርጉት። አንዴ ባችለር ያለው ሰው ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ አያገኝም፣ የድሮው ክሬዲትም ላይያዝ ይችላል።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው መንገድ አለ። ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘን መጥተን፣ «እዚህ አይሠራም» ተብለን፣ ማታ ማታ ሌላ የተማርን ነን። አንዲት እህት የኦንላይን ዲግሪዋን ሲመልሱባት ደወለችልኝ። «አገር ቤትስ ምን ተምረሽ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ አለ» አለች። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መስፈርት «ሪጅናል እውቅና ያለው፣ ወይም ተመጣጣኝ የውጭ አገር ዲግሪ» ይላል። ናሽናሉን የሚመልሰው ቢሮ፣ ደብልዩ ኢ ኤስ በሚባለው የውጭ ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት የተገመገመውን የስድስት ኪሎ ዲግሪ ሊቀበል ይችላል ማለት ነው። ሁለቱንም ዲግሪ ቅጹ ላይ ሙሉ፤ አንዱን መደበቅ ማመልከቻውን ያሰርዛል። ለመግቢያ የምታቀርቡት ግን የአገር ቤቱን ይሁን። ግምገማው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ትራንስክሪፕቱን ከሬጅስትራር የሚያስልክላችሁን ዘመድ ዛሬውኑ ደውሉለት።