ማሽኑ ኮድ አውጥቶ ሲቆም፦ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት

ልብስ አጥቦ የሚያደርቀው ማሽን ድንገት ይቆምና በፊደልና በቁጥር ኮድ ያወጣል። ብዙ ሰው ያኔ «ቦርዱ ተቃጠለ» ብሎ ይደነግጣል። ኮዱ ግን ብዙ ጊዜ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። የሚናገረው ማሽኑ ምን እየሰራ እንደተቸገረ ነው፦ ውሃ ሲሞላ፣ ሲያስወጣ፣ ሲጨምቅ ወይም ሲያደርቅ። እኛ ሀገር ደግሞ ብዙ ጊዜ መነሻው ማሽኑ ሳይሆን ውሃው ወይም መብራቱ ነው።

መጀመሪያ ኮዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው አስር ደቂቃ ያህል ይተዉት። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የመጣ ኮድ ከሆነ በዚሁ ሊጠፋ ይችላል። ተመልሶ ከመጣ ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

ውሃ አይገባም

ኤልጂ ላይ አይ ኢ፣ ሳምሰንግ ላይ 4ሲ ወይም 4ኢ፣ ቦሽ ላይ ኢ17 ይላል።

«ቧንቧው ውሃ አለው እኮ!» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ግፊቱ ላይ ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይፈልጋሉ። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ደግሞ በአንድ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው 0.1 ባር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሮቶው ከማሽኑ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ግፊቱ አይደርስም። ሮቶው ግቢ ውስጥ አራት ሜትር ማማ ላይ፣ ማሽኑ ፎቅ ላይ ከሆነማ ጭራሽ። ለእጅ መታጠቢያ የሚበቃው ውሃ ለማሽኑ ላይበቃ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ነው። ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ቀይሩ የሚልዎት ሰው ቢመጣ ግፊቱን ለክቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ግፊቱ ደህና ከሆነ ማጣሪያውን ይዩ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ ደለልና ዝገት ይዞ ይመጣል። ቧንቧውን ይዝጉ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ቱቦ ይፍቱ፣ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በፒንሳ ቀስ ብለው ይሳቡ። ቡናማ ጭቃ ለብሳ ካገኟት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው ይመልሷት።

ሰው ልብ የማይለው ሌላ ምክንያትም አለ። የቆሻሻ ውሃ ቱቦው ሻወር ቤት ወለል ላይ ከተጋደመ፣ የገባው ውሃ ሳይቆይ በዚያው ሊፈስ ይችላል። ማሽኑ ሲሞላ ሲፈስ ይቆይና ውሃ አላገኘሁም ይላል። የቱቦውን ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይሰሩት።

ውሃ አይወጣም

ኤልጂ ላይ ኦ ኢ፣ ሳምሰንግ ላይ 5ሲ ወይም 5ኢ፣ ቦሽ ላይ ኢ18። ሶኬቱን ይንቀሉ። ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከፊት ለፊት በታች በኩል ትንሽ መዝጊያ አለች። ዝርግ ሳህን ስር አድርገው የፓምፑን ማጣሪያ በቀስታ ወደ ግራ ያዙሩት። ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ፣ ቁልፍ፣ የጋቢ ክር ይወጣል። ማጣሪያውን ከመመለስዎ በፊት ቀዳዳው ውስጥ ያለችው የፓምፕ ተሽከርካሪ እንደምትዞር በጣትዎ ያረጋግጡ።

መጭመቅ እምቢ ይላል

ዩ ኢ ወይም ዩ ቢ ካለ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን አድልቷል። ዋናው ተጠያቂ ጋቢ ነው። ብቻውን ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ይጠቀለልና ከበሮው ውስጥ አንድ ጎን ይይዛል። ዘርግተው ያስገቡት፤ ሁለት ፎጣ ይጨምሩለት። ማሽኑ አዲስ ከሆነና እየዘለለ ከሆነ፣ ከጀርባው ያሉት የማጓጓዣ ብሎኖች መነቀላቸውን ይዩ።

ያጥባል፣ አያደርቅም

ሲያደርቅም ቧንቧው ክፍት መሆን አለበት። ብዙ ማሽኖች እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልሱት በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ውሃ ከሄደ ልብሱ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ጭነቱንም ይቀንሱ። 8 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን የሚያደርቀው 5 ኪሎ ገደማ ነው። ማሞቂያው ብዙ ኃይል ስለሚወስድ በማከፋፈያ አይሰኩት፤ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን። ኤልጂ ላይ ዲ ኤች ኢ፣ ሳምሰንግ ላይ ኤች ሲ ተመላልሶ ከመጣ ግን ማሞቂያውና ሴንሰሩ በባለሙያ ይለኩ።

ኤል ኢ ሲመጣ የማሽኑን ስም ሳያዩ አይወስኑ። ኤልጂ ላይ ሞተሩ ተጨናንቋል ማለት ነው፤ ግማሽ ሰዓት አሳርፈው ጭነት ቀንሰው ይሞክሩ። ሳምሰንግ ላይ ግን ውሃ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ሲነኩት የሚነዝር፣ የተቃጠለ ሽታ ያለው ወይም ብሬከር የሚጥል ማሽን ከሆነ ምንም አይሞክሩ። ብሬከሩን አጥፍተው፣ ቧንቧውን ዘግተው ባለሙያ ይጥሩ። ሲደውሉ የኮዱን ፎቶ፣ በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር፣ እንዲሁም ምን እየሰራ እንደቆመ ይንገሩት። የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ይረዳዋል።