አገር ቤት ላሉት ወላጅ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሲታዘዝ፦ ውጭ ያለን ልጆች ከየት እንጀምር?

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ያስፈልጋል?" ብለን ነው። ከሩቅ ሆኖ በእጅ ያለው ገንዘብ ብቻ ስለሚመስል ነው። ግን ከገንዘቡ የሚቀድም ሥራ አለ። አገር ቤት ያሉት በየሆስፒታሉ ደጅ ሲንከራተቱ፣ መረጃውን መሰብሰብና ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ የምንችለው እኛ ነን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ ንቅለ ተከላው በራሳቸው ሴል ነው ወይስ ከሌላ ሰው በሚወሰድ? መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር ከሆነ በአብዛኛው በራሳቸው ነው። ሴሉ ከደማቸው ተጣርቶ ይወሰድና በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከዚያ ከባድ ኬሞቴራፒ ይሰጣቸዋል፣ ሴሉም ይመለስላቸዋል። ለጋሽ ፍለጋ ቤተሰቡን ማሯሯጥ አያስፈልግም። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ከሆነ ወይም መቅኔው ደም ማምረት ካቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለጋሽ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ሙሉ ለሙሉ ይገጥማሉ ተብለው መጀመሪያ የሚፈለጉት እኛ ልጆቹ አይደለንም፤ የእናታችን ወይም የአባታችን ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ልጅ ከወላጁ የሚጋራው ግማሹን ነው። ያም ቢሆን ዛሬ በግማሽ በሚገጥም ለጋሽ የሚሠሩ ማዕከላት ብዙ ናቸው። አጎታችሁ በዕድሜ ከገፉ ወይም ስኳርና ግፊት ካለባቸው፣ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህታችሁ ዋና ለጋሽ ልትሆን ትችላለች። የደም ዓይነት የግድ መመሳሰል የለበትም። የሚታየው ኤችኤልኤ የሚባለው፣ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት የሴል ምልክት ነው። ጉንጭ ውስጥ በሚታሽ ጥጥ ወይም በትንሽ ደም ይመረመራል። ስለዚህ ለምርመራ ብሎ ማንም ቲኬት አይቁረጥ። ሁሉም ባለበት አገር ተመርምሮ ውጤቱን ለሚታከሙበት ሆስፒታል ይላክ። ሪያድ ያለችው እህት ግን ከአሁኑ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ትያዝ። ሳዑዲ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ወጥታ ለመመለስ የአሠሪዋ ፈቃድ ስለሚያስፈልጋት፣ ንግግሩ ጊዜ ይፈልጋል።

መስጠቱን ብዙ ሰው ይፈራል። ዛሬ በአብዛኛው የሚወሰደው ከክንድ ደም ሥር ነው። ለጋሹ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን መርፌ ይወጋል፣ አጥንቱን ቆርጠም ቆርጠም ያደርገዋል፣ ከዚያ ማሽን አጠገብ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል። የተወሰደበትን ሰውነቱ መልሶ ይተካል።

አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር። በእኛ ቤት የእህት ልጅ እንደ ልጅ፣ በአባት ብቻ የሚገናኝ እንደ ሙሉ ወንድም ሆኖ ያድጋል። ይህ ምርመራ ያንን ሊያወጣው ይችላል። ነገሩን የሚያውቅ የቤተሰብ ሽማግሌ ካለ ለሐኪሙ ለብቻው ይንገረው። ውጤቱንም በቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ።

ከዘመድ የሚገጥም ካልተገኘ የለጋሾች መዝገብ አለ። ግን እንወቀው፦ ኤንኤምዲፒ በሚባለው የአሜሪካ መዝገብ ጥቁር ታማሚ ሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 29 በመቶ ገደማ ነው፣ የነጩ 79 በመቶ። ከእኛ ወገን የተመዘገበ ሰው ትንሽ ነው። ጤነኛ የሆናችሁ ወጣቶች ተመዝገቡ። ለእናታችሁ ባይደርስ ለሌላ ሰው እናት ይደርሳል።

ደምን በተመለከተ፦ "ደም ያስፈልጋል" ሲባል ወንድም እህት ተሻምቶ ይሮጣል። የሚያኮራ ነው። ነገር ግን መቅኔ ሊሰጥ የሚችል ዘመድ ደሙ በቀጥታ ለታማሚው እንዳይሰጥ ሐኪሙን ጠይቁ። ሰውነታቸው ያንን ደም ቀድሞ ከለመደው በኋላ የሚሰጣቸውን መቅኔ ሊገፋው ይችላል። ጎረቤትና ጓደኛ ይተካ።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። አብዛኛው ቤት ውስጥ ማስረጃው በአንድ ፌስታል ታጥፎ ነው ያለው። የራጅ ፊልም፣ የደም ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ተደበላልቆ። በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የሚላክላችሁ ደግሞ ግማሹ ጥላ ነው። ስካን ይደረግ፣ በቀን ቅደም ተከተል ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ የመቅኔው ናሙና የተቀባበትን ብርጭቆ (ስላይድ) ከላብራቶሪው ተረክባችሁ አስቀምጡ። ውጭ ያለ ሐኪም ሪፖርቱን ብቻ አያምንም፣ ስላይዱን ራሱ ማየት ይፈልጋል።

ብዙዎች የሚሄዱት ህንድ ነው። ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ። ዋናው ግን ያልተካተተው ነው፦ ተጨማሪ የጽኑ ሕሙማን ቀናት፣ ደምና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል)፣ የለጋሹ ምርመራ፣ ከወጡ በኋላ ተመልሶ መተኛት፣ የቤት ኪራይ። ከሌላ ሰው ሲሆን የመጀመሪያዎቹን 100 ቀናት ያህል ከሆስፒታሉ ሳይርቁ መቆየት ያስፈልጋል። ውጭ ያላችሁ ገንዘቡን ወደ አዲስ አበባ ልካችሁ እንደገና ዶላር አታስፈልጉ። በቀጥታ በሆስፒታሉ ስም ወዳለው አካውንት አስገቡ። "እኔ ላስገባላችሁ" የሚል ደላላ ከመጣ በጭራሽ በግል አካውንቱ አትላኩ። አገር ቤት ያለው ወገን ከባንክ ምንዛሪ መጠየቅ ካለበት ውጭ መታከም እንደሚያስፈልጋቸው የሚያረጋግጥ የሜዲካል ቦርድ (የሐኪሞች ቦርድ) ደብዳቤ ቀድሞ ይውጣ።

ብዙ ሰው የማያስበው ቢጫ ወባ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ህንድ የሚገባ መንገደኛ የክትባት ካርዱን ይጠየቃል፣ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከአሜሪካ መጥታችሁ አዲስ አበባ አርፋችሁ የምትሄዱትንም ይመለከታል። ክትባቱ ግን በተዳከመ ሕያው ቫይረስ የተሠራ ነው፤ የሉኪሚያ ታማሚ ወይም ኬሞ ላይ ያለ ሰው አይወጋም። ለእሳቸው የሐኪም ደብዳቤ አስጽፉ፣ ደብዳቤው ምን ያህል እንደሚሠራ ቲኬት ሳትቆርጡ ኤምባሲውን ጠይቁ። ለጋሹም ሳይከተብ በፊት ለንቅለ ተከላው ሐኪም ይንገር።

ወላጃችሁ ሳይደክሙ ውክልናውን ጨርሱ። መንቀሳቀስ ካቃታቸው የሰነዶች ማረጋገጫ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያስፈርም መጠየቅ ይቻላል። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ የግድ ሊሆን ከቻለ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ሥልጣኑ በግልጽ ይጻፍ። የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛም ይፈርማል።

እና እባካችሁ በሽታውን አትደብቋቸው። "እንዳይደነግጡ" ብለን የምንሸፍነው ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይህን ሕክምና የሚሸከመው የእሳቸው ሰውነት ነው። ምን እንደሚጠብቃቸው ካላወቁ መሐል ላይ "መልሱኝ፣ አገሬ ልሙት" ይላሉ፣ ያኔ ማሳመኛ የለም።

ሲመለሱ ቤቱ ይዘጋጅ። እሳቸው በሌሉበት ቤት ማደስ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ከሆነ አቧራውና የሻጋታው ሽታ ጠፍቶ ይቆያቸው። እንኳን ደህና መጡ የሚለው ሰው በመስኮት ወይም በቪዲዮ ይጠይቅ። ክትፎ በደንብ ይብሰል፣ ጥሬ ቃሪያና ሰላጣ ይቅር። ስለ ጠበልና ስለ ጾም የንስሐ አባታቸው ሐኪሙ ያለውን በግልጽ ይስሙ፤ ለታማሚ የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው። ከሌላ ሰው ከተወሰደ፣ አዲሱ መቅኔና ሰውነታቸው እንዳይጣሉ የሚወሰደው መድኃኒት ለአንድ ቀን እንኳ መቋረጥ የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱንና መጠኑ በደም ውስጥ የሚለካበትን ላብራቶሪ ከመመለሳቸው በፊት አረጋግጡ፣ ትርፍ ይዘው ይግቡ። ራስጌያቸው ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሐኪም ጋ ይወሰዱ። በዚያ ሰዓት የሚነዳው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄዱ፣ ፋይሉ ማን ጋ እንዳለ ቀድማችሁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።