አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አልሞላ ሲል

ደሴ የምትኖረው እህቴ የገዛችው የልብስ ማጠቢያ ማሽን በተተከለበት ቀን መብራቱ በራ፣ በሩ ተቆለፈ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲያጉረመርም ቆየና የስህተት ምልክት አሳይቶ ቆመ። የተከለው ሰው «የፋብሪካ ችግር ነው፣ ይመለስ» ብሎ ሄደ። ማሽኑ ግን ደህና ነበር፤ የጎደለው የውሃው ግፊት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸውና ብዙው ቤት በሮቶ በሚኖርባቸው የወሎ ከተሞች፣ ማሽኑን ከመክሰስ በፊት ውሃውን መመርመር ይቀድማል።

መጀመሪያ ያዳምጡ። ፕሮግራሙን አስጀምረው ማሽኑ ጨርሶ ዝም ካለ በሩ በደንብ አልተዘጋም ወይም «ዘግይቶ ጀምር» የሚለው ቁልፍ ተነክቷል። ካጉረመረመ ውሃ ማስገቢያው ተከፍቶ ውሃ እየጠበቀ ነው ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው ምርመራ በዋናነት ለዚህ ነው።

ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ቧንቧውን ይዝጉ፣ የማስገቢያውን ጎማ ከማሽኑ ጀርባ ይፍቱ። ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርገው ቧንቧውን ይክፈቱ። ውሃው በኃይል ከወጣ መስመሩ ደህና ነው። ካልወጣ ማሽኑ ወደ ግድግዳ ሲገፋ ጎማው ታጥፎ እንደሆነ ይዩ። ጎማው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ በፒንሳ ቀስ ብለው ስበው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡአት። ለቀናት ጠፍቶ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ ደለልና ዝገት ይዞ ስለሚወርድ፣ አዲስ ማሽን እንኳ በመጀመሪያው ቀን ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ጎማውን ከመግጠምዎ በፊት ውሃው እስኪጠራ በባልዲ ያፍስሱት።

ማሽኑ ሁለት ማስገቢያ ካለው ሰማያዊው ለቀዝቃዛ፣ ቀዩ ለሙቅ ነው። የተገጠመው ቀዝቃዛው ብቻ ከሆነ በሙቅ ፕሮግራም ላይ የማይመጣ ውሃ ሲጠብቅ ይቆማል፤ በቀዝቃዛ ፕሮግራም ይሞክሩት።

አሁን ወደ ግፊቱ እንምጣ፤ የእህቴም ችግር ይኸው ነበር። የማሽኑ መመሪያ ላይ ዝቅተኛው ግፊት ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ 0.3 ወይም 0.5 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው። የአንድ ሜትር ከፍታ ውሃ የሚሰጠው 0.1 ባር ያህል ነው። ስለዚህ 0.5 ባር ለሚፈልግ ማሽን፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከማሽኑ ማስገቢያ ቢያንስ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእህቴ ሮቶ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። የሮቶው ትልቅነት ግፊት አይጨምርም፤ ግፊት የሚመጣው ከከፍታው ነው። ደሴ በቶሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ግቢዎ ዘቅዛቃ ከሆነ ሮቶውን በላይኛው በኩል ቢያስቀምጡት መሬቱ ራሱ ከፍታ ይሰጥዎታል። ማማ ካሠሩ ግን 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ እንደሚመዝን አይርሱ። ሜዳ ላይ ለሆነ ቤት አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ይሻላል፤ መመሪያው ከሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት እንዳያልፍ ለቧንቧ ሠራተኛው ይንገሩ።

ውሃው ሲገባ እየተሰማ ማሽኑ ካልሞላስ? ያን ጊዜ የፍሳሽ ማስወገጃውን ጎማ ይመልከቱ። መሬት ላይ ከተጣለ የገባው ውሃ ወዲያው ተመልሶ ይፈሳል። ጫፉን ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ አየር እንዳያልፍ አድርገውም አይድፈኑት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጎማው በኃይል እያፈሰሰ ማሽኑ አሁንም ካልተቀበለ፣ ያን ጊዜ የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ወይም የኤሌክትሪክ ክፍሉ ይጠረጠራል። የጀርባ ክዳኑን በራስዎ አይክፈቱ፤ ዋስትናውን ሊያጡ ይችላሉ። ደረሰኝዎን ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ፣ የሞከሩትንም አንድ በአንድ ይንገሩት።