ማራገቢያ ከእጄ አልለይ ያለኝ የከሰል ምድጃ

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። መብራት ሲሄድ ቡናውም ወጡም ላቀች በሚባለው የከሰል ምድጃ ነው። ሰሞኑን ግን ከሰሉ ከላይ ይቀጣጠልና ብዙም ሳይቆይ አመድ ለብሶ ይሞታል። ካላራገብኩ ጀበናው አይፈላም።

መጀመሪያ ከሰሉን ጠረጠርኩ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ለውጥ የለም። ሌላ ማዳበሪያ ከሰል ገዛሁ፤ ያው ነው። የታችኛውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ እሱም አልረዳም።

በአራተኛው ቀን ምድጃውን ባዶ አድርጌ በበሩ በኩል ባትሪ አበራሁ። ከላይ ሳይ ብርሃን የለም! ከሰሉ የሚቀመጥበት የሸክላው ወንፊት ከተሰበረ በኋላ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ በሚስማር በስቼ የተካሁት እኔው ነኝ። ቀዳዳዎቹን አመድና የከሰል ብናኝ ደፍኗቸዋል። አየር ከታች ካልገባ በሩ ቢከፈት ምን ዋጋ አለው?

ሰፈር ያለ በያጅ ጋ ሄጄ በባለ 8 ሚሊ ፌሮ ክብ ወንፊት አሠራሁ። በመጀመሪያው ላይ ክፍተቱን 2 ሳንቲ አደረግነው። ደቃቁ ከሰል ሳይነድ ወደ አመዱ ረገፈ። ወደ 1 ሳንቲ ሲጠብ ተስተካከለ። አመዱ ይወርዳል፣ ፍሙ ይቀራል።

አሁን ትልልቁን ከሰል ከታች፣ ደቃቁን ከላይ አደርጋለሁ። ከማቀጣጠሌ በፊት የታችኛውን አመድ እጠርጋለሁ። አየሩ ስለበዛ ከሰል ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ፍሙ ከቀላ በኋላ በሩን ገርበብ ማድረግ ነው። ፌሮው በሙቀት ትንሽ ጎብጧል፤ ገልብጬ እጠቀምበታለሁ። የምትሞክሩት ግን ደጅ ይሁን፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ይገድላል።