መጀመሪያ ስለ ቁልፉ ጠይቁ፦ ጠመንጃ ባለበት አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለች የክፍል ጓደኛዋ ቤት እንድታድር ተጋበዘች። የምንኖረው ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስልክ አነሳሁና የልጅቷን እናት ጠየቅኳት። ምን ብዬ? «ጠመንጃ ትወዳላችሁ?» ብዬ። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር፤ ፍርሃቱም አለ። ሴትዮዋ ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ለምንድን ነው የጠየቅሽኝ?» አለችኝ።

መጠየቄ ልክ ነበር፤ አጠያየቄ ነው የተበላሸው። እኔ ስለ ቤቷ የጠየቅኳት መስሎኛል። እሷ የሰማችው ግን ማንን እንደምትመርጥ፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ጥሩ እናት መሆን አለመሆኗን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ደውያለሁ። አሁን እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ከመደወላችሁ በፊት

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ2023 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ሕዝቡን ሲጠይቅ፣ ከአሜሪካ አዋቂዎች 32 በመቶው የራሳቸው መሣሪያ እንዳላቸው ተናገሩ። ሌላ የቤተሰብ አባል ያለውንም ስትቆጥሩ፣ ከ10 ሰው 4ቱ የሚኖረው መሣሪያ ባለበት ቤት ነው። ገጠር ከሆነ ከመቶ 47 ሰው የራሱ አለው፤ ከተማ ውስጥ 20። ስለዚህ «የኛ ሰፈር ሰላማዊ ነው፣ ማን ይይዛል» አትበሉ። ሰላማዊው ሰውዬም ይይዛል።

እዚያው ጥናት ላይ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ጠመንጃ መያዝ ሰላም ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ተብለው ሲጠየቁ፣ 49 በመቶው ይጨምራል አለ፤ 49 በመቶው ይቀንሳል አለ። እኩል ለእኩል! «አሜሪካኖች ጠመንጃ ይወዳሉ» የሚል የኛ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው። «አሁንማ ሁሉም ሰልችቶታል» የሚለውም እንዲሁ።

ሕጉን ጠቅለል አድርጌ ልለፈው። የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። በእንግሊዝኛ 27 ቃል ብቻ ናት። መጀመሪያ ስለ ሚሊሻ ታነሳለች፣ ከዚያ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብት አይነካ ትላለች። የትኛው ክፍል ይገዛል እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ መብቱ የግለሰብ ነው ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ የመጣው ከዚሁ ከፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ማዶ ከዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ከተማዋ ሽጉጥን የከለከለችው በ1976 ነበር። በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭ መያዝም መብት ነው ተባለ። በ2024 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ፍርድ ቤት ያገደው ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል ብሎ 8 ለ1 ወሰነ። በነገራችን ላይ፣ ኤንአርኤ የሚባለው የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ነው። በ66 አውራ ጎዳና ስትነዱ ሕንጻው ከመንገዱ ዳር አለ። ስንቶቻችን እንጀራ ልንገዛ ስንሮጥ በአጠገቡ አልፈናል!

አጠያየቁ

በር ላይ፣ ልጅ ይዛችሁ፣ ኮት ሳታወልቁ አትጠይቁ። ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ደውሉ ወይም ቴክስት አድርጉ። መጀመሪያ የራሳችሁን ጣጣ ተናገሩ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «ልጄ እጇ አያርፍም፣ ያላየችውን መሳቢያ ሁሉ ትከፍታለች። ኦቾሎኒ አትበላም። ውሻ አላችሁ? የመዋኛ ገንዳስ? ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ደግሞ ተቆልፎ ነው ወይ?» ውሻና ገንዳ መሀል ሲገባ ጥያቄው ይለሰልሳል። የደኅንነት ጥያቄ ይሆናል፤ የፖለቲካ አይሆንም።

በእንግሊዝኛ ማለት የሚያስፈልጋችሁ «ኢዝ ኢት ሎክድ አፕ?» ብቻ ነው። «ለምን ያዛችሁ?» አትበሉ። «ስንት አላችሁ?»ም አያስፈልግም። ቁልፉ ነው የናንተ ጉዳይ። ጠመንጃ የሚጠላውም የሚወደውም ሳይቆጣ የሚመልሰው ጥያቄ እሱ ነው። ሐኪሞችም ይጠይቃሉ፤ የልጃችሁ ዶክተር «ቤት መሣሪያ አለ?» ብትላችሁ አትደንግጡ። ፍሎሪዳ በ2011 ሐኪሞች ይህን እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አውጥታ ነበር። በ2017 ፍርድ ቤት የሕጉን ዋና ክፍል ጣለው።

«ተቆልፏል» ካሏችሁ አመስግኑና ስለ ፒጃማው አውሩ። ጠንቀቅ የሚያስፈልገው መልሱ «አይ፣ ልጄን አስተምሬዋለሁ፣ አይነካም» ሲሆን ነው። ይህ ማለት አልተቆለፈም ማለት ነው። ያኔ አትከራከሩ። «እንግዲያው እኛ ቤት ይምጡ፣ ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ» በሉ። በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ድፎ ጋግሬያለሁ። አንዷ እናት እስከ ዛሬ ምክንያቱን አታውቅም፤ ዳቦውን ግን ትወደዋለች።

ወደዚያች ወደ መጀመሪያዋ ሴትዮ ልመልሳችሁ። ከዝምታዋ በኋላ «ነይና እዪው» አለችኝ። ሄድኩ። ባልየው ወደ ቤዝመንት ይዞኝ ወረደ። ከማቀዝቀዣዬ የሚተልቅ የብረት ካዝና ጥግ ላይ ቆሟል። ቁጥሩን በጀርባው ከልሎ ጫነ፣ እጀታውን አዞረ። ውስጡ ሦስት የአደን ጠመንጃ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተደግፏል። ጥይቱ የለም። ጥይቱ ማዶ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ። «አንዱ የአያቴ ነው» አለኝና በመዳፉ ዳሰሰው። አነካኩን አውቀዋለሁ። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚነካው።

አባቴ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ገበሬ ነበር። ምንሽሩ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ሠርግ ላይ ይጮሃል፣ ለቅሶ ላይ ይወጣል፣ ሌላውን ቀን ይወለወላል። ጥይቱ ግን እናቴ ዘንድ ነው፤ ጎታ ውስጥ፣ ጤፉ ሥር። አባቴ ሲሰክር ወይም ከወሰን ተካፋዩ ሲጣላ እናቴ «ጤፉ ገና አልተነፋም» ትለዋለች። ነገሩ ያበቃል። በቨርጂኒያው ቤዝመንት ውስጥ ያየሁት ያንኑ ነው፤ ጠመንጃው ለብቻ፣ ጥይቱ ለብቻ። ይህን ለሰውዬው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኩት። በጣም ሳቀ። ስወጣ አንድ ኪሎ የሚሆን የቀዘቀዘ የአጋዘን ሥጋ አሸከመኝ።

ኅዳር ነው፤ የአጋዘን አደን ወቅት። የነቢያት ጾም ሊገባም ቀን ነው የቀረው። ደግሞስ በስመ አብ ብሎ ያላረደውን እንዴት አድርጌ ልብላ? ሥጋው ፍሪዘሬ ውስጥ ከርሞ ወጣ። ልጄ ግን እዚያ ቤት አደረች። አሁንም ጓደኛሞች ናቸው።

ምክንያታቸውን በመልካቸው አትገምቱ

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ማታ ማታ። ከሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጋር አንድ ፎቅ እንይዛለን። አንደኛዋ ወንድሟ ዲሲ ውስጥ በጥይት ሞቶባታል። ልጇ ፕላስቲክ የውሃ ሽጉጥ እንኳ ቤት አያስገባም። ሁለተኛዋ ብቻዋን ትኖራለች። በ2020፣ ያኔ ኮሮና ገብቶ ከተማው ሁሉ ሲታመስ፣ ሽጉጥ ገዛች። ብቻዋን አልነበረችም፤ በዚያ ዓመት በፌዴራሉ ሥርዓት በኩል ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም ሰውዬው መሣሪያ መያዝ ይችል እንደሆነ ማጣራት፣ ተደርጓል። ሁለቱም አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ አንድ ፓርቲ ይመርጣሉ። ምሳ አብረው ይበላሉ። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ፒው ባለቤቶቹን ለምን ያዛችሁ ሲላቸው 72 በመቶው ራስን መጠበቅ ዋና ምክንያታችን ነው ብለዋል። አደን ከዚያ በኋላ ነው። ገጠር ያለው ደግሞ «ፖሊስ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ነው» ይላችኋል። ይህንን ጎጃም ያደገ ሰው ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይረዳዋል።

አንድ ቀን ግሮሰሪ ውስጥ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ሽጉጡን ወገቡ ላይ በግልጽ ታጥቋል። በእጁ ወተትና ሙዝ ይዟል። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ታያላችሁ። እየጮኸ ወይም እያስፈራራ ካልሆነ ምንም አታድርጉ። ቪዲዮ አታንሱ፣ አስተያየት አትስጡ። ካልተመቻችሁ ሌላ ሰልፍ ያዙ። እኔ ሌላ ሰልፍ ያዝኩ።

በዜና የጅምላ ግድያ ሲሰማ ግን በሥራ ቦታ ክርክር አትጀምሩ። ቢያንስ በዚያ ሳምንት። ሳንዲ ሁክ የተባለ ትምህርት ቤት ውስጥ በ2012፣ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤት ሠራተኞች ተገደሉ። ዩቫልዲ፣ ቴክሳስ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በ2022፣ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን። እዚሁ እኛ ጋ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በ2007፣ 32 ሰው። አንዱ ወገን «ጠመንጃው ነው» ይላል፣ ሌላው «ጠባቂ ቢኖር ኖሮ» ይላል፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። «በኛ አገር እንዲህ የለም» አትበሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ብያት፣ አንዷ ነርስ ስልኳን አውጥታ የአገራችንን ዜና አሳየችኝ።

ልጆቻችን ደግሞ ትምህርት ቤት «ሎክዳውን» የሚባል ልምምድ አላቸው። መብራት ይጠፋል፣ በር ይቆለፋል፣ ጥግ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ምሽት ልጄ ታናሽ ወንድሟን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ «ብታስነጥስ በክንድህ ያዘው» ስትለው ሰማኋት። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ስትጠየቁ አትዋሹ፣ አታስፈራሩም። «መምህሯን ስሚ፤ መሣሪያ ካየሽ አትንኪው፣ ውጪና ለትልቅ ሰው ንገሪ» በቂ ነው።

ራሳችሁ መያዝ ካሰባችሁ

አልመክርም፣ አልከለክልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይችልም። የኢሚግሬሽን ኬዛችሁ ካልተዘጋ ጠበቃ ሳታማክሩ ሱቅ አትግቡ። ቅጹ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው። ዘመድ «ለኔ ግዛልኝ» ቢላችሁም እንዲሁ።

ትልቁ ወጥመድ ድልድዩ ነው። ቨርጂኒያ የሰጠችህን የመያዣ ፈቃድ ሜሪላንድም ዲሲም አይቀበሉም። ውድብሪጅ ሕጋዊ የነበረ ሰውዬ፣ መኪናው ውስጥ ሽጉጡን እንደረሳ የ14ኛውን መንገድ ድልድይ ሲሻገር ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የመሣሪያ ወንጀል ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ስለዚህ ዲሲ ለክርስትና ስትሄዱ የመኪናውን መሳቢያ ፈትሹ። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት የጣት አሻራና ሥልጠና ያለበት ፈቃድ ትጠይቃለች። ባሌ ኡበር ይነዳል፤ ኡበር ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም መሣሪያ ይከለክላል።

ምግብ የምታደርሱ ሰዎች፣ የቤቱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡ። በ2023 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ታናናሾቹን ሊያመጣ የሄደ የ16 ዓመት ልጅ የሌላ ሰው በር ደውሎ ተተኮሰበት፤ እግዚአብሔር አትርፎታል። ባሌ ማታ የመኪናውን የውስጥ መብራት ያበራል፣ ምግቡን ያስቀምጣል፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ይደውላል። ፖሊስ ሲያስቆመው እጁ መሪው ላይ ነው። መታወቂያ ለማውጣት አስቀድሞ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብዬ ልበል፣ እኛ ስለማናወራው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጥይት 48,830 ሰው ሞቷል። ከግማሽ በላዩ የገደለው ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ነው። በሥራዬ ያየሁት አንድ ሽማግሌ ሚስቱ ከሞተች በኋላ መብላት አቆመ። ልጁ፣ ራሱ አዳኝ የሆነ ሰውዬ፣ መጥቶ የአባቱን ጠመንጃዎች ሁሉ ጫነ። «እስኪሻልህ እኔ ጋ ይቀመጡ» አለው። አልሰበከም፣ አልተቆጣም። ቤታችሁ የከፋው ሰው ካለ ቁልፉን ለወንድም ስጡ፤ ሰው ሲጨነቅ የሚደወልበት መስመር 988 ነው፤ እዚያ ደውሎ ማነጋገርም ይቻላል።

እናንተም ትጠየቃላችሁ

ባለፈው ክረምት የወንድ ልጄ ጓደኛ እናት ደወለች። ልጇ ከኛ ቤት ሲመለስ የሆነ ነገር ነግሯታል። እየፈራች «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቤታችሁ ጠመንጃ አለ?» አለችኝ።

እኔ ዝም አልኩ። ደሜ ፈላ። ምን አይታብን ነው? አበሻ ስለሆንን ነው? በአፌ የመጣው «ለምንድን ነው የጠየቅሽኝ?» ነበር።

«ሳሎናችሁ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ አለ ብሎኝ ነው» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። አባቴ ከነምንሽሩ፣ ከነጋቢው፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ቆሟል። በ1970ዎቹ ማርቆስ ከተማ የተነሳው ፎቶ።

«አለ» አልኳት፤ «ግን በመስታወት ውስጥ ነው። ጥይቱም እናቴ ጋ ነው።»